ያልተገፋች መኪና

የካቲት 12

ወንድሜ፣

እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ቤቱ ግን ትንሽ አሞታል።

እማዬ ይህን እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች፤ ስለዚህ ያልጻፍኩልህ አድርገህ አንብበው። የማልደውልልህም በዚሁ ምክንያት ነው። ስልኩ ያለው ሳሎን፣ እሷም ያለችው ሳሎን። ጆሮዋ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተል ፋብሪካ ማሽን ሲጮኽበት ኖሮ ይደነቁራል ሲባል፣ ጭራሽ ተስሎ ነው ጡረታ የወጣው።

የኩሽናውን በር ለምን እንዳስላግነው ጠይቀሃል። አልዘጋ ብሎ ነው። አናጢው መጣ፣ ላገው፣ ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና እምቢ አለ። አናጢው እንደገና ላገው። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራው በሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከላግኩት መጋረጃ ይሆናል። የተጣመመው በሩ አይደለም» ብሎኝ መላጊያውን ሸክፎ ሄደ።

ከጓሯችን በስተጀርባ ቆርቆሮ ሠሪው የነበረበትን ቦታ ታስታውሳለህ። ለፎቅ መሠረት ብለው ቆፈሩት፣ ቆፍረውም ሄዱ። ፎቁ እስካሁን አልመጣም፤ ጉድጓዱ ግን በሰዓቱ ደርሷል። የእኛ ቤት ጎረቤቱ ናፍቆት ነው መሰለኝ ወደዚያው ማዘንበል ጀምሯል።

ይህን ያወቅነው ባንተ መጫወቻ መኪና ነው። ቁምሳጥኑን ስጠርግ ቀዪዋን አገኘኋት። አንዱ የኋላ ጎማዋ ጠፍቶ እማዬ የካፖርት አዝራር የገጠመችላት፣ ያቺው። በመንገዱ በር አጠገብ ሊሾው ላይ አስቀምጫት ዞር ስል የለችም። የሳሎኑ ጠረጴዛ እግር ሥር ቆማ አገኘኋት። መለስኳት። ማንም ሳይነካት ተነሣች፤ መጀመሪያ የረሳው ነገር እንዳለ ሰው እያመነታች፣ ኋላ ደግሞ የረሳው ምድጃ ላይ መሆኑ ትዝ እንዳለው ሰው እየቸኮለች፣ ሄዳ እዚያው ጠረጴዛ እግር ሥር ቆመች።

የማዘጋጃ ቤቱን መሐንዲስ አመጣሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ነው የገባው። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ወደ አንድ ጥግ ሄዳ እዚያው ቀረች።

«እናቴ፣ ክረምት ሳይገባ ቢወጡ ይሻላል» አላት እማዬን። «ዝናብ አፈሩን ካራሰው የኋላው ግድግዳ አይታመንም።»

«አረፋ አይተህ ነው ከቤቴ ውጪ የምትለኝ?»

«አረፋዋ ወለሉን ነው የምታሳየው፣ እናቴ።»

«እኔ ደግሞ ወለሉን ሳላይ ነው ስጠርገው የኖርኩት፣ ልጄ?»

እሱ ሲሄድ መኪናዋን ለቅቄ አሳየኋት። «ገፍተሻት ነው» አለች። አልገፋኋትም። እሷ ራሷ ለቀቀቻት፤ ሄደች። እማዬም ውል አመጣች። በየእሁዱ መኪናዋን ከመንገዱ በር እንለቃታለን። ሳትገፋ ሳሎኑን አቋርጣ፣ በኩሽናው በር ገብታ፣ የኋላውን ግድግዳ የነካች ቀን እማዬ ከዚህ ቤት ትወጣለች። እስከዚያ ስለ መውጣት የሚያወራ ሰው አትፈልግም። ምስክር ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው። እሷ ናት የመረጠችው። ለምን እሱን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሰውየው ያለ መነጽር የራሱን መቀስ አያገኝም፣ መነጽሩን ደግሞ አያገኝም።

መሐንዲስ ሳታምን መጫወቻ ማመኗ አይግረምህ። መሐንዲሱን አልጠገነችውም፤ መኪናዋን የጠገነቻት እሷ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፦ ጻፍላት። ውጪ በላት። የእኔ ቃል እዚህ ቤት ከሬዲዮ ማስታወቂያ እኩል ነው፤ ያንተን ትሰማለች።

እህትህ


የካቲት 28

እህቴ፣

ያልጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል።

ለመዘግየቴ ይቅርታ። እዚህ ፖስታ የሚመጣው ከቀለብ መኪናው ጋር ነው፤ የቀለብ መኪናው ደግሞ ዳገቱን የሚወጣው ሲያሰኘው ነው። ስልክ የሚሠራበት ቋጥኝ እንዳለ ነግሬሽ ነበር። አሁን አንድ ጥንብ አንሣ ተከራይቶታል።

እማዬ ለጎረቤት የምትለው አጥታ፣ ቀደም ሲል «ሥራው በትክክል ምንድን ነው?» ላልሽኝ፦ ጠጠር እኮተኩታለሁ። ከተራራው ጫፍ የሚወርደው ትልቁ መንገድ ዳር አንድ ሌላ መንገድ ይገነጠላል። የትም አያደርስም። ከአፉ እስከ ጫፉ ልቅ ጠጠር የተሞላ ነው። ፍሬኑ የተቃጠለበት መኪና ወደዚያ ይገባል፣ ጠጠሩ እስከ ሆዱ ይውጠዋል፣ ይቆማል። እኛ መኪናውን በብረት ገመድ፣ በካቦ፣ ጎትተን እናወጣና ጠጠሩን መልሰን እናላላዋለን። ካልኮተኮትነው ይጠጥራል፤ ከጠጠረ ደግሞ እንደ ማንኛውም መንገድ ያሳልፋል፣ ከጫፉ ወዲያ ደግሞ ገደል ነው። ለጎረቤት «መሐንዲስ ነው» ትበላቸው። ጫማዬን እንደምጠርግም ትጨምርላቸው።

መምህራችን እምቅ ጉልበት እያለ ጠመኔውን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጥ ትዝ ይልሻል? እኛ ጠመኔው መቼ ይወድቃል ብለን ስንጠብቅ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ። ተራራው ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ የቆመ ተሳቢ ዝም ያለ ዕቃ ይመስላል። ያ ሁሉ ከፍታ ግን ውስጡ ተኝቷል። ቁልቁል ሲጀምር ከፍታው እየቀነሰ ፍጥነት ይሆናል፤ ሌላ የትም አይሄድም። ፍሬን ካለ ፍሬኑ በሙቀት ይበላዋል። ፍሬን ከሌለ እኛ እንበላዋለን፤ ጠጠሩ ጉልበቱን፣ እኔ የሾፌሩን ስድብ።

ለእማዬ ጻፍ ላልሽኝ፣ በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም። ግንቦት ላይ እመጣለሁ፤ በአፌ እነግራታለሁ። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው። ስሄድ እንዳልኳት ሳላንኳኳ ነው የምገባው በያት።

እስከዚያ መኪናዋ የት የት እንደምትቆም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

ወንድሜ፣

አዎ፣ ጠረጴዛውን አልፋለች። መልሱን ለማወቅ እንደቸኮልክ ስለሚገባኝ ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን አለፈች። በሚቀጥለው እሁድ የኩሽናው በር አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። በማግስቱ ከማተሚያ ቤት ስመለስ ሳሎኑ ምንጣፍ ለብሷል። እማዬ መኝታ ቤት ተጠቅልሎ የሚቆመው፣ እኔና አንተ እንዳንረግጠው ስንከለከል ያደግነው ወፍራሙ ምንጣፍ።

«እግሬን በረደኝ» አለችኝ።

«የተነጠፈው እኮ እግርሽ በማይደርስበት በኩል ነው።»

«እግሬ የት እንደሚውል አንቺ ታውቂያለሽ? የሰው ጽሑፍ ስታርሚ ነው የምትውይው።»

እሁድ ሆነ። መኪናዋ በሊሾው ላይ ከመቼውም ፈጥና ወረደች፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጫማህን አውልቅ እንደተባለ እንግዳ ቀጥ አለች። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ፣ መጀመሪያ የወንበሩን እግር፣ ቀጥሎ መኪናዋን አገኘና «ቆማለች፣ እትዬ» አለ።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

የኋላው ግድግዳ ላይም ስንጥቅ አለ። መሐንዲሱ እንዳዘዘኝ ወረቀት ለጥፌበት ነበር፤ ስንጥቁ ከሰፋ ወረቀቱ ይቀደዳል ብሎ። ተቀዷል። እማዬ ወረቀቱ ያረጀ ነበር ትላለች። ከማተሚያ ቤት ያመጣሁት አዲስ ወረቀት መሆኑን ስነግራት፣ «ያው፣ የዛሬ ወረቀት» አለች።

እንግዲህ እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። የወረደ አፈር ቦታውን ካገኘ ይረጋጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ምናልባት ቤቱ ደክሞት ቆሞ ይሆን? አንተ በዚህ ትምህርት ከእኔ ትሻል ነበር፤ ቢያንስ የጠመኔውን መውደቅ ስንጠብቅ አንተ አትተኛም ነበር።

እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ።

እህትህ


መጋቢት 27

እህቴ፣

እጄ ደህና ነው። ወሬው ደርሶሽ ከሆነ፣ ካቦ ነው የጫረኝ፣ በግራ መጻፍ ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። ፊደሌ ቢንጋደድ ከቤቱ ጋር አታያይዢው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሾፌር ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ይዞ ጠጠራችን ውስጥ ገባ። አቧራው ሲረጋ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ዙሪያውን አየና «እዚህ ጋ ሜዳ ነው ለካ» አለኝ። ሜዳ አይደለም። የቆመበት ቦታ ኳስ ብታስቀምጪ ከተማ ድረስ ትወርዳለች። እሱ ግን ስለቆመ ሜዳ መሰለው። ወደኋላ ዞሮ የመጣበትን እስኪያይ ድረስ እግሩ ደህና ነበር። ካየ በኋላ ወንበር አመጣንለት።

ቆመች ማለት ሜዳ ነው ማለት አይደለም። ምንጣፉ ጠጠር ነው። መምህራችን ሰበቃ ይለው የነበረው፣ እሱ ነው። የመኪናዋን ሩጫ ክሮቹ እየበሉት ነው እንጂ ወለሉ ቀና አላለም። እንዲያውም እስከ ምንጣፉ ጠርዝ ከመቼውም ፈጥና መውረዷን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ያን ያሰመርሽበት አልመሰለኝም።

ምንጣፉን አንሺውና እንደገና ልቀቂያት። ትእዛዝ መሰለብኝ፣ ይቅርታ። ጠጠር ኮትኳች ደብዳቤ ሲጽፍ እንዲህ ነው።

የአባዬ ወፍራም ሹራብ አልተጣለ ከሆነ ላኪልኝ። እዚህ ብርዱ ሲመጣ ቀልድ አያውቅም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

ወንድሜ፣

ምስራች አለኝ፤ ምስራች መጻፍ ስላልለመድኩ ብደነቃቀፍ ታገሠኝ።

ምንጣፉን አንሥተናል። እማዬ እንደፈራሁት አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ራሷ በአንድ ጫፍ ይዛ ግቢ አወጣነው፣ በዱላም አራገፍነው። የወጣው አቧራ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል። ከዚያ ልብስ ሰፊው ባለበት መኪናዋን ባዶ ሊሾ ላይ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጥኳት።

አልሄደችም። ጠረጴዛው ድረስ አይደለም፣ የጣት ያህልም አልሄደችም። በጣቴ ነካ አደረግኳት፤ ነካ የተደረገች ያህል ሄዳ ቆመች።

ቤቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ስንት ጊዜ በደብዳቤ እንዳማሁት ታውቃለህ። እማዬንም ይቅርታ ጠየቅኋት።

«አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። «አንቺ ግን ሥራሽ ስለሆነ ይብስብሻል።»

የኪራይ ቤቱን ነገር አቁሜዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደህና ቤት አግኝቼ ነበር፤ ባለቤቶቹን አትጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። መሐንዲሱ በበራችን ሲያልፍ ሰላም አለኝና ክረምቱ ቅርብ መሆኑን አስታወሰኝ። እኔም ክረምት በየዓመቱ ቅርብ መሆኑን አስታወስኩት።

ሹራቡን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንዱ ክርኑ ተበልቶ እማዬ ደርታዋለች፤ የተደረተው የትኛው እንደሆነ ግን አታገኘውም።

እህትህ


ሚያዝያ 21

እህቴ፣

የቀለብ መኪናው ሞተሩን ስላላጠፋ አጭር ነው። ሹራቡ ደርሷል፤ የተደረተውን ክርን ፈልጌ አጣሁት።

ከጠረጴዛው ወደ ኩሽናው በር በየሳምንቱ እየራቀች ስትሄድ የከረመች መኪና ድንገት አልነቃነቅም ማለቷ አልተዋጠልኝም። ተራራ ሲወርድ እንጂ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ወለሉ ካልዳነ የታመመችው መኪናዋ ናት።

ገልብጠሽ ሆዷን እያት።

ወንድምሽ


ግንቦት 3

ወንድሜ፣

ገለበጥኳት።

በሁለቱም ዘንጎቿ ላይ ግራጫ ክር ተጠምጥሟል። አጠማጠሙ እንዲህ ጥብቅና እኩል ከመሆኑ የተነሣ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም ነው የሚመስለው። ጫፉ የታሰረው ማሽን ሳያቆሙ የተበጠሰ ክር በሚቀጥሉበት ቋጠሮ ነው፤ በጥፍር እንጂ በዓይን የማይገኘው። ልጆች ሳለን እማዬ ልታስተምረን ሞክራ ተስፋ የቆረጠችብን ቋጠሮ። ብትፈርምበት ይቀላት ነበር።

ስህተት ስፈልግ የምውል ሰው ይህን ሳላይ መክረሜን ማተሚያ ቤት አልነገርኩም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ክር።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዘንጉ እንዳይዝግ ነው።»

«እማዬ፣ ክር ዝገት አይከላከልም።»

«አንቺ ፈተል ፋብሪካ ሠርተሻል?»

ልፈታው ስል ምስክር በሌለበት አይነካም አለች፤ ውል ውል ነው። እሁድን ጠበቅሁ። ቅዳሜ የአባዬን የዕቃ ሳጥን ስታንኳኳ ሰማኋት፤ ሚስማር ፈልጋ ነው ብዬ አለፍኩት። እሁድ መኪናዋን ሳነሣት እጄ ወረደ። ውስጧ ብሎንና ዳዶ ተጠቅጥቆባታል፣ እስከ ሾፌሩ መቀመጫ ድረስ። ሐሳቧ ሳይገባህ አይቀርም፦ ከባድ ነገር ከቦታው አይነቃነቅም፤ ክሩ ቢፈታ ብሎኑ ይይዛታል።

ክሩን ገና ሳልነካው፣ ልብስ ሰፊው መነጽሩን እየፈለገ ሳለ፣ እንዲያው በሩ አጠገብ አስቀመጥኳት።

ሄደች። ከነክሯ። ክሩ የሚይዘው ያው የሚይዘውን ያህል ነው፤ ቁልቁል የሚስባት ግን በብሎኑ ልክ ጨምሯል። ባዶዋን ያቆማት ክር የተጫነችውን ሊያቆማት አልቻለም። ጠረጴዛውን አለፈች፣ የኩሽናውን በር ገባች፣ የኋላውን ግድግዳ መታችው። የግድግዳውን ግርጌ የሚያለብሰው ዘኮሎ ተሰንጥቆ ወደቀ። ከዘኮሎው ኋላ ግድግዳ መኖር ነበረበት፤ ቀጭን የቀን ብርሃን ነው የነበረው።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ሳያገኝ «ደርሳለች፣ እትዬ» አለ። ማየት አላስፈለገውም፤ ሰምቷል።

«ውሉ ስለ ባዶ መኪና ነው» አለች እማዬ። «ጭነት የያዘች አላልኩም።»

«የጫንሻት አንቺ ነሽ።»

«እንግዲህ ውሉን አፍርሻለሁ። የፈረሰ ውል አያስወጣም።»

አልተከራከርኩም። ከኩሽናው ወለል ላይ ዳዶ ስንለቅም ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እኔ አልወጣም ያሰኛት የአባዬ መሠረት ይመስለኝ ነበር፣ በእጁ የጣለው ስለሆነ። አይደለም።

«ሳላንኳኳ እገባለሁ ብሎኛል» አለች። «ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። ሌላ ቤት ከገባሁ ማንኳኳት ሊኖርበት ነው። የሚያንኳኳ ሰው እንግዳ ነው። ልጄን እንግዳ ላድርገው?»

ይህን ብላ አንድ ዳዶ ከምድጃው ሥር አወጣች።

ስለዚህ ክሩም አይደለም፣ ምንጣፉም አይደለም። የያዝካት አንተ ነህ። ምሳሌ እየሰጠሁህ አይደለም፤ በምሳሌ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ በቀይ እንደምሰርዘው ታውቃለህ።

ግንቦት ላይ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ግንቦት ገብቷል። ግንቦት የሚመጣ ሰው ደግሞ ለሚመጣው ብርድ ሹራብ አያስልክም። ይህን ያወቅሁት ሹራቡን ስጠቀልል ነው። ያኔ ዝም ያልኩት አዝኜልህ አይደለም፤ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነበር።

ከጓሮው በላይ ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። እለምንሃለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅምና እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። እንደተጻፈ ቁጠረው።

እህትህ


ግንቦት 16

እህቴ፣

አዎ። እስከሚቀጥለው ብርድ ማብቂያ እዚህ ልሠራ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነው። ይህን የምልሽ ለማስተባበል አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስብሽ ነው።

ለምን ብትይኝ፣ እዚህ ጠጠሩ በዝናብ ጊዜ ነው የሚጠጥረው። ያኔ የሚኮተኩተው ካጣ የሚገባበት ሾፌር እንደ አስፋልት ያልፈዋል። እኔን የሚተካ ሰው ገና አልመጣም። መጥተው የነበሩት ሁለቱ ቁልቁለቱን አይተው በመጡበት መኪና ተመለሱ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ እውነት ለመናገር፣ እዚህ መሆኔ አልከበደኝም። ለእማዬ በወረቀት ልጽፈው ያልቻልኩት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ስለ ክሩ ስነግራቸው የሥራ ባልደረቦቼ ኮፍያቸውን አወለቁ። እማዬን እዚህ ብንቀጥራት ተሳቢ የሚባል ከተራራው ጫፍ አይነሣም ነበር።

ፖስታው ውስጥ ቁልፌ አለ። ለእሷ የጻፍኩት በተለየ ወረቀት ነው።

እንዳታርሚው።

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ወንድሜ፣

እማዬ እንዴት ሆነች ሳትል አትቀርም። በቅደም ተከተሉ ልጻፈው፤ እንዳይፋለስብህ።

ወረቀትህን ቆማ አነበበችው። አላሳየችኝም፤ ከጀርባው በኩል ሳየው አጭር ነበር። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ክብደቱን ያየችው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ውጪ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሄደች ብዬ ስጠብቅ ከውጪ ቁልፉ ሲገባ ሰማሁ። ከፈተች፣ ገባች። አላንኳኳችም። ሳሎኑን እንደ መጤ ዞር ዞር ብላ አየችው። ጠረጴዛውን፣ ከኩሽናው የሚመጣውን ብርሃን፣ እኔን።

«ምንጣፉን ጠቅልይው» አለች።

የሦስተኛው ፎቅ ቤት እንዳለ ነበር። ባለቤቶቹ አትጠብቁኝ ስላቸው አላመኑኝም፤ ሰው ፊቴን ሲያይ የምመለስ እመስለዋለሁ መሰለኝ። ደረጃው ይበዛባታል፣ ግን እያረፈች የየቤቱን በር ታነባለች። የማን ጫማ እንደተበላ፣ ማን መጥረጊያውን ውጪ እንደሚያሳድር ከእኔ ቀድማ አውቃለች። ልብስ ሰፊውም እኛን ተከትሎ ወጥቷል፤ የስፌት ማሽኑን ስናወርድ መነጽሩ ከሥሩ ተገኘ።

ስለ ኩሽናው ማወቅ ትፈልግ ይሆናል። ዝናብ ጀምሯል። ሰፈሩ ደህና ነው፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ስለ ኩሽናው በሰፊው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ደግሞም እማዬ ራሴ እጽፍለታለሁ ብላለችና ወሬዋን አልሻማትም።

እጅህን ጠብቅ። ፊደልህ ተስተካክሏል።

እህትህ


ሰኔ 20

ልጄ፣

ሰላም ነህ ወይ። እህትህ አሳምራ ነው የምትጽፍልህ፤ እኔ የሆነውን እጽፍልሃለሁ።

ኩሽናው ወርዷል። ከወጣን በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ ነው፤ ማንም አልነበረበትም። እህትህ እንዳትደነግጥ ብላ ሸፍናብህ ነበር። መሸፈን አታውቅበትም፤ ቋጠሮው ከሩቅ ይታያል። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ሄዶ አየውና «ጉድጓዱ እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ?» አለ። ምስክር ብዬ ይዤው የኖርኩት ሰውዬ።

ሳሎኑ እንደቆመ ነው። በሩም ቆሟል። በላክልኝ ቁልፍ ሄጄ ከፈትኩት። ከበሩ ሆኜ ሳየው ሳሎኑ አለ፣ ከሳሎኑ ወዲያ ሰማይ ነው። መሐንዲሱ ልጅ ቤቱን ከከለለበት ገመድ ማዶ ሆኖ «እናቴ፣ አይግቡ» አለኝ። አልገባሁም። መልሼ ቆለፍኩት። እህትህ የኋላ ግድግዳ የሌለው ቤት ምን ይቆለፋል ብላ ሳቀችብኝ። ክፍት ትቶ መሄድ ነውር ነው። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ቁሞ ጠበቀኝ። ደህና ልጅ ነው፣ አረፋውን ይዞ ይባረክ።

ጎረቤቶች ሥራህን ሲጠይቁኝ መሐንዲስ ነው እያልኩ ነበር። አሁን ጠጠር ኮትኳች ነው እላለሁ። መሐንዲስ ስል ዝም ይላሉ፤ ጠጠር ስል ግን ይቀመጡና እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል።

የጻፍክልኝን አንብቤዋለሁ። «እማዬ፣ ባንኳኳም ልጅሽ ነኝ» ብለሃል። አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ ግን አልተስማማሁም።

ቀዪዋን ክሯን ፈታሁላት፣ ብሎኑንም አወጣሁላት። የአዝራሩን ጎማ አጥብቄያለሁ። አሁን በአዲሱ ቤት በር አጠገብ ሴራሚኩ ላይ ናት። በየእሁዱ ለቀቅ አድርጌ አያታለሁ፤ አትሄድም። ምን ያለ ወለል ነው፣ ምንም አይናገር። እህትህ ደልዳላ ስለሆነ ነው፣ እዚህ ካልገፏት አትነሣም ትላለች። እኔ ደግሞ ሰው አልገፋም፤ ታውቀኛለህ። ጠጠርህን በደንብ ኮትኩት። የሰው ልጅ ነው የሚገባበት።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ቁልፍ አለ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። ስትከፍት በቀስታ፤ መኪናዋ ከበሩ ኋላ ናት፣ በሩ ይገፋታል።

እንዳታንኳኳ።

እናትህ